ያለ ፓስፖርት የወጣ ማሳ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከዶሎ ወደ ነገሌ በሚመጣው አውቶቡስ ከኋላዬ የተቀመጡት አንድ የገናሌ ወንዝ ዳር ሽማግሌ ገበሬና ምጽዋ ቆይቶ ዶሎ ድንበር ላይ የተመደበ ወታደር ነበሩ።

«ባሕሩ አጠገብ ያለው አገር ከውሃው እኩል ነው አልከኝ። ለምን?»

«ብዙው ቦታ ወንዝ ያመጣው አፈር ነው፣ አባባ። ወንዙ ባሕር ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና አፈሩን ይጥለዋል። ከውሃው ብዙም ከፍ ሳይል ሜዳ ሆኖ ይቀራል።»

«ቆይ፣ ቆይ! ገናሌ እኮ ዝናብ በመጣ ቁጥር ማሳዬን እየገመሰ ይወስደዋል።»

«እንግዲህ የእርስዎም እዚያው ነዋ! በእኛ በዶሎ አልፎ፣ ሶማሌ አገር፣ ባሕሩ አፍ ላይ።»

«ማሳዬ ውጭ አገር ወጥቷል?»

«ወጥቷል!»

«ያ ዋቃ! ያለ ፓስፖርት?»

«ያለ ፓስፖርት፣ አባባ!»

«አንተ ድንበር ጠባቂ አይደለህም እንዴ? እኔን በአንዲት ፍየል ግማሽ ቀን ታቆመኛለህ፤ ግማሽ ማሳ በፊትህ ሲያልፍ የት ነበርክ?»

«እየታጠብኩበት ነበር!»

ሽማግሌው በሳቅ እንባቸው መጣ።

«በል፣ ስትመለስ ታጠብና ማሳዬን ሰላም በልልኝ!»

ነገሌ ስንደርስ ጫማዬ ላይ የደረቀውን የዶሎ ጭቃ ላራግፍ እግሬን አነሳሁና ቀስ ብዬ መልሼ አወረድኩት።