የቅሬው ገንዘብና የከተማው ቦንድ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ከፍላቂት ወደ ላሊበላ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስክትሞላ ስጠብቅ፣ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ አያ ፈንታው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ቅሬያችን ሙት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ነው። አያ ፈንታው የቅሬውን ገንዘብ በሙሉ ቦንድ ሊገዙበት፣ ለመፈረም ወደ ባንክ እየሄዱ መሆናቸውን እንደ ቀላል ነገር አጫወቱኝ። እኔም አባል ነኝና ደነገጥሁ።

ቦንዱን የሚያወጣው ስሙን የማልጠራው አንድ ከተማ ነው። በሚበደረው ገንዘብ የውሃ መስመር ይዘረጋል፣ ላበደሩትም ወለድ ይከፍላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ያናደደኝ አያ ፈንታው አንዲት ገጽ ሳያነቡ መነሣታቸው ነው። ቦንዱን የሚያሻሽጠው፣ በእውቀቱ የሚባለው የአበልጃቸው ልጅ፣ ገንዘቡን በፈለጉት ቀን እንደሚያወጡት ነግሯቸዋል፤ ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር። ከዘመድ ማስረጃ መጠየቅ ነውር ሆኖብን ስንት ቤት እንደተራቆተ ቢቆጠር ጉድ ነው።

ከፊታችን የተቀመጠችው የትናየት፣ ኮን ከተማ በሒሳብ ባለሙያነት የምትሠራው የጎረቤታችን ልጅ፣ ይቅርታ ጠይቃ ወደ እኛ ዞረች።

«አያ፣ በሬ ሲገዙ ጥርሱን አያዩም?»

«አያለሁ እንጂ ልጄ። በሬና የሰው ቃል ግን አንድ አይደለም። ወረቀቱን አሳየኝ ብለው ልጁ ምን ይለኛል? አባቱስ?»

«እሱን ምንም አይጠይቁት። የቦንዱን ውል የሚዘረዝረው መግለጫ ለሕዝብ የወጣ ነው፤ ማንንም ሳናስፈቅድ እናየዋለን።»

ከዚያም የት እንደሚገኝ አስረዳችን። ለሕዝብ የሚሸጥ ቦንድ መግለጫ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ድረ ገጽ ይፈለጋል፤ ከሚሸጠው ባንክና ከከተማው የፋይናንስ ቢሮም ይጠየቃል። የከተማውን ገቢና ዕዳ ደግሞ የበጀትና የኦዲት ሪፖርቶቹ ያሳያሉ። ይህን እያለች መግለጫውን በስልኳ ከፈተችና ስለ ገንዘቡ አመላለስ የተጻፈውን ቀስ ብላ አነበበችላቸው። ከተማው ዋናውን ገንዘብ የሚመልሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የቸገረው ሌላ ገዢ መፈለግ አለበት፤ ገዢ ለመገኘቱ ግን ማንም ዋስ አይሆንም።

አያ ፈንታው ደግማ እንድታነብላቸው ለመኗት። ሰምተው ሲጨርሱ «እኛ ሰፈር ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ሬሳ የለም» አሉና ከሚኒባሷ ወረዱ።

እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የአበልጄን ልጅ እንዳላስቀይም ብዬ የመቀበሪያችሁን ገንዘብ ልሰጥ ነበር። ይቅር በሉኝ» አሉ።

የትናየት መግለጫውን ለሁሉም አነበበች። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የቀብሩ ገንዘብ ባንክ እንዲቆይ፣ ከቅሬው ባሕር ዛፍ ሽያጭ የተረፈው ብቻ ቦንድ እንዲገዛበት ተስማማን። እንዲህ ከሆነ ሐዘን ሲመጣ እጃችን ባዶ አይሆንም፤ ወለዱም በየጊዜው ይገባል፤ የተፈራረምነውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳይነበብ እንዳይፈረም የሚል ደንብም ጨመርን።

በእውቀቱ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ይቆጣል ብለን ስንሠጋ እጁን አወጣ።

«መግለጫውን እኔም አላነበብሁትም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሙጃ በኩል ቃሌን ያመኑ ሁለት ቅሬዎች አሉ። እነሱ ፈርመዋል።»

አያ ፈንታው ዱላቸውን አነሡና ወደ እሱ ሄዱ።

«ተነሥ ልጄ» አሉት፣ «አብረን ሄደን እናንብብላቸው።»