የሃልቫርድ ዳገትና የፈላ ውሃ

ሃልቫርድ ትራክተሩን ዳገቱ ሥር ያቆመው ወዶ አልነበረም። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ከኋላው እንፋሎት ይትጎለጎላል። በዚያ የኖርዌይ ሸለቆ በጥር ጠዋት እንፋሎት የሚወጣው ከሰው አፍና ከላም ጀርባ ብቻ ስለሆነ፣ ሽማግሌው መኪናው እየተቃጠለ መስሎት አካፋውን ይዞ ወረደ።

ከመኪናው ጎን የቆመችው ወጣት ቶራ ትባላለች። የመንገድ ሥራ ትምህርቷን ጨርሳ የሸለቆውን መንገዶች ከተረከበች ገና አንድ ክረምት እንኳ አልሞላትም።

“እንደምን አደሩ አባባ? መንገድ ዘጋሁብዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሸዋውን ከፈላ ውሃ ጋር እያቀላቀልኩ ነው። አሁን ዳገቱ ላይ አፈሰዋለሁ።”

ሃልቫርድ ጆሮውን የሸፈነውን ቆብ ከፍ አደረገ። “ምን አልሽ? በግግር በረዶ ላይ ውሃ?”

“አዎ አባባ፣ የፈላ ውሃ።”

“ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የመጣሽው በቁስል ላይ እንጨት ለመስደድ ነው? ልጄ፣ በረዶ እኮ ከውሃ ነው የሚሠራው! ዳገቱ አንሶት ነው የምትጨምሪበት?”

ሽማግሌው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ትናንት የወተት ቦቴው ይህን ዳገት ሲወጣ ኩርባው ላይ ጎማው ከዳው፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የበረዶ ክምር ባይዘው ኖሮ ገደል ገብቶ ነበር። ሾፌሩ ቢያርነ ከጋቢናው ወርዶ ጎማውን ዞሮ አየ። “ነገ አንዴ እሞክራለሁ። ጎማ ካልያዘልኝ በረዶው እስኪሟሟ አልመጣም፤ እኔም ልጆች አሉኝ” ብሎ ሄደ። በሃልቫርድ በረት ደግሞ የወተቱ ገንዳ እስከ አፉ ሞልቷል። ዛሬ ካልተወሰደ ይደፋል፤ ነገም እንዲሁ። ወተት እየደፋ ላም የሚቀልብ ገበሬ የለም፤ ሃልቫርድም ላሞቹን ሊሸጥ ነው ማለት ነው። ከዳገቱ በላይ የቀረው የመጨረሻው በረት የእሱ ነበረና ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶት ነበር።

“እኔ ይኸው ከታች ከሸለቆው ደረቅ አሸዋ ጭኜ መጥቻለሁ” አለ ወደ ትራክተሩ እያመለከተ። “አባቴም አያቴም ያደረጉት ይሄንኑ ነው።”

“ትናንት ጠዋትስ አልበተኑም ነበር?”

“በትኛለሁ እንጂ! ወገቤ እስኪቆረጥ!”

“ታዲያ አሸዋው የት ሄደ?”

ሃልቫርድ ዳገቱን አየ። ዳገቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አሸዋው በመኪና ጎማና በነፋስ ተጠርጎ ቦዩ ውስጥ ተኝቷል።

“እሺ፣ ጨው ጨምሪበታ!”

“ጨው ብርዱ ሲለዝብ ነው የሚሠራው። እንደ ዛሬ ሲጠና አቅም የለውም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።”

“እንደ እህቴ ባል በይኛ” አለ ሽማግሌው፤ መሳቅ ግን አልፈለገም።

ቶራ ሳቀችለት። ሰው በእልህ ሲሟገት ከፊቱ ከመግፋት ከጎኑ መሄድ እንደሚሻል ታውቃለች። “አባትዎ ወተት የሚያወርዱት በፈረስ ነበር አሉ።”

“በፈረስ! አንዴም ወድቃ አታውቅም።”

“በዚህ በረዶ ላይ? እንዴት ሆኖ?”

“የእግሯ ብረት ላይ ሹል ሚስማር ይመታላታላ!”

“ሚስማሩን መንገዱ ላይ በትነውላት ቢሆንስ?”

“አበድሽ እንዴ? ከእግሯ ሥር እየተንሸራተተ ይጥላታል እንጂ ምን ይረባታል? መመታት አለበት!”

“የእርስዎ አሸዋም የተበተነ ሚስማር ነው አባባ። የፈላው ውሃ መዶሻው ነው። አሸዋው በትኩሱ በረዶውን አቅልጦ ትንሽ ይሰምጣል፤ ውሃው ወዲያው ይረጋና ነክሶ ይይዘዋል። መንገዱ እንደ አናጢ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ነፋስም አይጠርገውም።”

ሃልቫርድ አካፋውን በረዶው ላይ ወጋ። የተረታ ሽማግሌ ወደ ቁጣ መሄዱ ደግሞ በየአገሩ ያለ ነው። “ካልያዘስ? የሚሸጡት የእኔ ላሞች ናቸው! አንቺ ምን ቸገረሽ?”

“ካልያዘ የምወድቀው ከቢያርነ ጋር ነው። አጠገቡ እቀመጣለሁ።” ከዚያ ትራክተሩን አየችና ግንባሯን ቋጠረች። “ለመሆኑ በዚህች ቀዳዳ እያዩ ነው የመጡት?”

የትራክተሩ የፊት መስታወት በውርጭ ተሸፍኗል፤ ሃልቫርድ እንደ ሸለቆው ሰው ሁሉ የፈቀፈቀው እንቁላል የምታህል ቦታ ብቻ ነው።

“መንገዱ ላይ ነው የተወለድኩት።”

“መንገዱን ያውቁታል፤ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው ግን ማን ያሳይዎታል? እኔንም ያዩኝ በእንፋሎቱ ምክንያት ነው።”

ሽማግሌው እያጉረመረመ መፈቅፈቂያውን አነሳ። መስታወቱ ጠርቶ ሸለቆው ወለል ብሎ ሲታየው ማጉረምረሙን ተወ።

ቶራ መኪናዋን እየነዳች አሸዋውን ከታች እስከ ላይ አፈሰሰችና በእግሯ ወረደች። ረግቶ እንደ ድንጋይ ሲጠና ቢያርነ ቦቴውን ይዞ ደረሰ።

“በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል ንዳ” አለችው ወደ ጋቢናው እየወጣች። “ኩርባው ላይ ስንደርስ ደግሞ ቁም።”

“ልቁም?” ቢያርነ ዓይኑ ፈጠጠ። “እዚያ ቆሞ የተነሳ መኪና አለ?”

“ተዪው እንጂ ልጄ!” ሃልቫርድ ጮኸ። “በዚህ ዳገት ተንደርድሮ መውጣት ነው ደንቡ!”

“በዚህ ደንብ እኮ ነው ትናንት ቦቴው ገደል አፋፍ የደረሰው አባባ። ከፊታችን ሕፃን ቢገባ መቆም የማንችል ከሆነ መንገዱ መንገድ አይደለም።”

ቦቴው ወጣ። ኩርባው ላይ ቆመ። ሃልቫርድ አካፋውን ጨምቆ ይዟል። ሞተሩ አጓራ፤ ጎማው አሸዋውን ነከሰ፤ ያ ሁሉ ክብደት ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ ሳይል ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ። “ያዘ! ያዘ እኮ!” ሽማግሌው ቆቡን ወርውሮ እየጮኸ ዳገቱን በእግሩ ተከተለ፤ እንባውም በጢሙ ላይ ረጋ። ወተቱን ሞልቶ ሲመለስም ቦቴው ያው ኩርባ ላይ ቆሞ፣ ዝግ ብሎ ወረደ። በነጋታውም መጣ፤ ከዚያ ወዲያም።

እሁድ ዕለት የመንደሩ ሰው ስለ ክረምቱ መንገድ ሊመክር ሲሰበሰብ፣ ለቶራ የተናገረላት ሃልቫርድ ነበር።

“በፈላ ውሃ የተመታ አሸዋ ብዙ ቀን ይቆያል፤ በየማለዳው ወገባችሁን አይቆርጥም። የልጆቻችሁ አውቶቡስ ሳያመነታ ይወጣል፤ አዋላጇ ስትጠራ ትደርሳለች፤ ወተት አይደፋም። እናንተም መስታወታችሁን ሙሉውን ፈቅፍቁ፤ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ፤ ኩርባ ላይ ፍሬን በድንገት አትርገጡ። አሸዋ ብቻውን ሞኝ ሾፌር አያድንም።”

“አንተ ደረቅ አሸዋ እየበተንክ አይደል የሸበትከው?” አለው አንዱ ጎረቤቱ ከኋላ።

“አዎ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነፋስ ስቀልብ ኖሬአለሁ” አለ ሃልቫርድ። “ካሁን በኋላ ግን ላሞቼን ነው የምቀልበው።”