ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ሰው

የአጎቴን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ሲመርጠኝ፣ በውስጡ የእኔም ጥፋት እንዳለበት አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ወረቀቱን ለሌላ ሰው ይሰጡት ነበርና። ከሃያ ዓመት በፊት በቼዝ ሻምፒዮናው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አጎቴ በማጭበርበር ተጠርጥረው ሲጠየቁ፣ በዚያ አዳራሽ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተጠየቅሁ፤ "እኔ እንጃ" አልኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስን ከመነሻው ላንብብላችሁ።

አጎቴ ከበያጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ ተከታያቸው አባቴ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው በሥራ ላይ በደረሰባቸው አደጋ የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ከዚያ በኋላ አያቴን ከሰው የሚያገናኛቸው ቼዝ ብቻ ስለነበር፣ ከበኩር ልጃቸው ጋር በቃል ይጫወቱ ጀመር፤ አንዱ "ፈረሴን አወጣሁ" ሲል ሌላው "ወታደሬን ገፋሁ" እያለ። ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ነገር ግን አጎቴ፣ አባታቸው የማያዩትን እሳቸው እያዩ መጫወት ነውር ሆኖ ስለተሰማቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ለግድግዳ ሰጡ። ሴት አያቴ ከጓዳ ብቅ ብለው "ምን አጥፍቶ ነው ልጁን ግድግዳ ያስታቀፍከው?" ብለው ባላቸውን ሲቆጡ፣ ባልየው "ማን ቀጣው፣ እያሸነፈኝ እኮ ነው" ማለታቸው በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል። አጎቴም ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ጨዋታ ሲከብዳቸው ከሰሌዳው ተነሥተው ግድግዳ ፊት ይቆማሉ፤ የራሳቸውንና የተጋጣሚያቸውን እርምጃ በሹክሹክታ እየጠሩ ካሰቡ በኋላ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ሥራቸውን አልቀየሩም። አንድ ቀን በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ሊፍት ቆሞ ሰዎች ውስጡ ተዘግቶባቸው ሳለ፣ አጎቴ ከላይ ሆነው ገመዱን እየፈተሹ፣ ውስጥ ያሉት እንዳይደነግጡ በቼዝ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ያስረዱ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ በቅድሚያ እኛን አውጣን፣ ፈረሱ ይደርሳል" የሚል የሴት ድምፅ ከታች መጣ። በሩን ከፍተው ሲያዩ ተናጋሪዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበሩ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። አባቴና እናቴ በመኪና አደጋ ሲሞቱብኝ ሦስተኛ ልጅ አድርገው እኔን ወሰዱኝ፤ በቤቱ አልጋ ስላልበቃ አጎቴ ራሳቸው ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይተኙ ነበር።

ቼዝንም አባታቸው እንዳስተማሯቸው አስተማሩኝ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን በቃል ስንጫወት፣ እናት የሆኑኝ ባለቤታቸው "ለግድግዳ ከምታወሩ አንዳችሁ ሽንኩርት ብትልጡልኝ ምን አለ?" ይሉን ነበር።

በሚጫወቱበት የቼዝ ክበብ ሰው ሁሉ "ጋሼ ግድግዳ" ይላቸዋል። ሻምፒዮን ሲሆኑም ስማቸው ክበቡ መግቢያ ላይ በተሰቀለው የሻምፒዮኖች ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። በዚያ በክፉው ዓመት ግን አንድ ተጫዋች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በስልክ እርዳታ ሲቀበል ተያዘና መተማመን ጠፋ። ያሸነፈ ሁሉ ይጠረጠር ጀመር፤ የሳለ ሰው እንኳ ምልክት ሰጠ ተባለ። የጋሼ ግድግዳ ልማድም እንደ ድሮው አላስቅ አለ፤ "ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለማን ነው?" የሚለው ሐሜት ከወንበር ወንበር ዞረ።

የመጨረሻው ጨዋታ የእኔና የአጎቴ ሆነ። ያሸነፈ ለዓለም አቀፍ ውድድር ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ ንጉሤ መሸሻ አጥቶ፣ መሸነፌን እያወቅኩ ተቀምጬ ሳለ፣ አጎቴ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ኮሪደሩ ግድግዳ ፊት ቆመው ያንሾካሹኩ ጀመር። ከተመልካች አንዱ አቤት አለና ዋናው ዳኛ ወንበር ወደተደራረበበት ትንሽ ክፍል ወሰዷቸው። ኪሳቸው ሲፈተሽ ጠመንጃ መፍቻ፣ የሊፍት ቁልፍና አንድ ከረሜላ ተገኘ።

"ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?" አሏቸው ዳኛው።

"ከአባቴ ጋር እንደምጫወተው ነው የምጫወተው።"

"አባትዎ የት ናቸው?"

"ሞተዋል።"

ይህን ጊዜ ዳኛው እኔን አስጠሩኝ። "አንቺ እቤታቸው ነው ያደግሽው። ዓይነ ስውር ከነበሩ አባታቸው የተማሩት ልማድ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉኝ። አጎቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። እውነት ነው ብል ወደ ሰሌዳው እንመለስና እሸነፋለሁ። እነዚያን ሁለት ቃላት ተናገርኩ፤ "እኔ እንጃ"። አጎቴ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ጠመንጃ መፍቻቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

ጨዋታው ለእኔ ተሰጠ፤ እሳቸውም ከውድድር ታገዱ፤ ስማቸው ከመግቢያው ሰሌዳ ተፋቀ። ባለቤታቸው ክበቡ ድረስ ሄደው ቢከራከሩ "ሚስት የምትመሰክረው ለባሏ ነው" ተብለው ተመለሱ፤ እኔ መጠየቄን ግን እስከ ዛሬ አያውቁም። የምሄድበት ቀን ሲደርስ ሻንጣዬን ተሸክመው የሸኙኝ አጎቴ ናቸው። "ፈረስሽን ቶሎ አውጪ" አሉኝ። እኔም አንድ ጨዋታ ሳላሸንፍ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ በሥራቸውና የሰፈሩን ልጆች ቼዝ በማስተማር ኖሩ። ባለፈው ዓመት በጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ድምፃቸውን ቢያጡም፣ ጨዋታችንን አልተውንም። ትራሳቸውን ከፍ አድርጌላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሆስፒታሉ ግድግዳ አዙረው፣ እርምጃቸውን ያለ ድምፅ በከንፈራቸው ይነግሩኛል፤ እኔ አነባለሁ። አንዲትም ቃል አላመለጠችኝም። በመጨረሻው ቀን "አጎቴ፣ ያን ጊዜ ዳኛው ሲጠይቁኝ" ብዬ ስጀምር፣ እጄን ያዙና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ "ተራው ያንቺ ነው" አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

አጎቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማይጠረጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ የተዉአቸውንም ያጽናና።

ዋናው ዳኛ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ያን ቀን ለጠየቁኝ መልሱ "አዎ፣ እውነት ነው" የሚል ነበር። የአጎቴን ስም ወደ ቦታው ይመልሱላቸው። እናቴ፣ ወንድሞቼ፣ እናንተም ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።