ለእርጅናዬ ያልኩት ባሕር ዛፍ

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ መጥረቢያ የያዙ ሽማግሌን ያናግር ነበር።

«መጥረቢያ ይዘው ወዴት ነው፣ አባባ?»

«ባሕር ዛፍ ልቆርጥ።»

«የራስዎን?»

«የተከልኩትስ እኔ ነኝ። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ጉልበቴ ሲደክም እጦርበታለሁ ብዬ።»

«ደግ አድርገዋል! ባሕር ዛፍ እንደሁ አንዱ ሲቆረጥ ሦስት ሆኖ ያቆጠቁጣል።»

«እሱማ ያቆጠቁጣል። ለባለመሬቱ።»

«እንዴት ለባለመሬቱ?»

«ጭሰኛ ነኝ፣ ልጄ። ባለመሬቱ፣ መሬቱ የእኔ ነው፣ የበቀለበትም የእኔ ነው ብለው ዛፉን ለነጋዴ ሸጡት።»

«ታዲያ መጥረቢያው ምን ያደርግልዎታል?»

«ነጋዴው ቆራጭ ይፈልጋል አሉኝ። በቀን ሥራ ገባሁ።»

እኔም ለጓሮዬ ከገበያ የገዛሁትን የባሕር ዛፍ ችግኝ ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።