ተለቅልቆ የመጣው የመጸው ዘር

የምስክር ቃል መቀበያ
መጠሪያ፦ ጋሽ መቶ፤ ሙሉ ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 63
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስት የሞተችበት
ሥራ፦ ያለ ኬሚካል በሚያመርት እርሻ ዘር ጠባቂ
አድራሻ፦ በእርሻው ግቢ፣ ከዘር መጋዘኑ ጀርባ
ቀንና ሰዓት፦ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 4፡20

ስለ ዘሩ የማውቀውን እንዳስረዳ ስጠየቅ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሟች ባለቤቴ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከማሳው ምርጥ ምርጡን የስንዴ ዛላ በእጇ እየቀጠፈች ለዘር ስታስቀምጥ ኖራለች። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሥራውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ከመዝራታችን በፊት መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልልና ስንቱ እንደሚበቅል አያለሁ። መጠሪያዬም ከዚህ የመጣ ነው።

ትናንት ጥቅምት 10 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ገደማ ዘር ልንጀምር ስንል የትራክተሩ ሾፌር መዝሪያው ውስጥ አየና «ጋሽ መቶ፣ ዘንድሮ ስንዴያችን ሊፕስቲክ ተቀብቷል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እጄን ሰድጄ ዘገንኩ። ፍሬው ረጥቧል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሮዝ ቀለም ቀርቷል፣ የመድኃኒት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። በመርዝ የታሸ የገበያ ዘር መሆኑን አወቅሁና ሥራውን አስቆምኩ።

ወደ መጋዘኑ ጀርባ ስዞር ባለቤቴ ልብሳችንን ታጥብበት የነበረው ገንዳ ሮዝ አረፋ ሰፍፎበት አገኘሁ። ከአጠገቡ ሁለት ዳክዬዎች አንገታቸውን ዘርግተው ሞተዋል። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ፣ ማለትም የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እጁ እስከ ክርኑ ሮዝ ሆኖ መጣ። የእህቱ ዘር የት እንደገባ ስጠይቀው፣ ጠግነው ብዬ የለመንኩትን የመጋዘኑን ጣሪያ ሳይጠግን ክረምቱ እንደገባ፣ ዘሩ ሲሻግትም ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ በምትኩ የገበያውን እንደገዛ ነገረኝ። «ጋሼ፣ አታካብደው። ሦስቴ ለቅልቄዋለሁ እኮ! ማን ያውቅብናል?» አለ። ይህን የሚለው እናቶች መርዝ የለበትም ብለው ለልጆቻቸው ስለሚገዙት እህል ነው። ትከሻዬን ሊይዘኝ ሲል ተጸይፌው ሸሸሁ።

የእሱን ተናግሬ የራሴን ብደብቅ ግን እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ጥቅምት 8 ቀን፣ እርሻው ያለ ኬሚካል ማምረቱን ልታረጋግጥ ለመጣችው ተቆጣጣሪ «ዘሩን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የራሳችን ነው» ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው። እሷም ቃሌን አምና ሄደች። መጋዘኑን አልከፈትኩም። የባለቤቴ ሽርጥ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ማየት አልችልም ነበር። መቶውን ፍሬ ጥቅምት 4 ቀን የቆጠርኩት ከጆንያው ሳይሆን እሷ ራስጌያችን ላይ ሰቅላው ከሄደችው ትንሽ ከረጢት ነው። ሐዘን ነው እያልኩ ራሴን አባብያለሁ። አሁን ሳስበው ስንፍናም አለበት። ከእሱ ሮዝ እጅ ይልቅ የእኔ ፊርማ ይቀፈኛል።

ከረጢቱ ባዶ ሆኗል፤ ከባለቤቴ ዘር የቀረው ጨርቁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ዘጠና አንዱ በቅሏል፤ ሥሩ ጨርቁን ይዞታል። ዛሬ አፈር ካልገባ ይሞታል። ስለ ሐሰተኛው ፊርማዬ የሚገባኝን ለመቀበል በተጠራሁ ጊዜ እመለሳለሁ፤ አሁን ግን ሄጄ እንድተክለው እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ እውነት ነው። ከመፈረሜ በፊትም እያንዳንዱን ገጽ በዓይኔ አይቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________
ምስክሩ 5፡05 ላይ ተሰናብቷል።