በሰርቦ ገበያ ስለተያዘው ባለ መብራት ወረንጦ

የምስክር ቃል

ስም፦ ቲጃኒ አባዋጂ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ
አድራሻ፦ ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ
ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ ነጋሳ ቶሌራ

ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቼ የምናገረው ይህ ነው። ገመቹ ዋቅጅራ የተባለ የሰርቦ ቡና ገበሬ ባለፈው ቅዳሜ ኅዳር 9 ቀን፣ አሁን በጠረጴዛው ላይ ባለው ዕቃ ምክንያት መያዙን ሰምቻለሁ። ዕቃውን በሙያዬ አውቀዋለሁ። ወረንጦ ነው። ሁለቱ እግሮቹ በፕላስቲክ ተለያይተዋል፤ ከጀርባው ትንሽ ባትሪና ቀይ መብራት ታስረውበታል። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ የሬዲዮ ዕቃዎችን ቆንጥጦ ይይዛል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ከሆነ ይበራል። ድምፅ አይልክም፤ አይቀበልምም። የፋብሪካ ስም ለምን እንደሌለው ተጠይቄ፣ በእጅ የተሠራ በመሆኑ ነው ብያለሁ። ማን እንደሠራው ተጠይቄ፣ አላውቅም ብያለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ሰኞ ኅዳር 11 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ገመቹ ዕቃውን የሰጠውን ሰው ስም አልናገርም ስላለ ዕቃው በየቀበሌው እየዞረ ይታይ ነበር። ሊቀመንበሩ ከፍ አድርገው፣ ይህ ከወንበዴ ጋር መነጋገሪያ ነው፣ የሚያውቅ እጁን ያውጣ አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ማንም አላወጣም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሊቀመንበሩን ሳይሆን የእኔን ጣቶች የሚያይ መሰለኝ። ጣቶቼ መበየጃ ያቃጠላቸው ናቸው። ጉልበቶቼ መሀል ደበቅኋቸው።

አሁን እዚህ ክፍል አሠራሩን እንዳሳይ ታዘዝኩ። መርማሪው ሁለቱን ጫፎች በጣታቸው ያዙ። አልበራም። እኔ ያዝኩ። በራ።

«ያንተ ብቻ ለምን?» አሉኝ።

እርጥበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ላብ ነው አልኩ።

«ክፍሉ ብርድ ነው። ምን ያልብሃል?»

መብራቱን ለማጥፋት ጣቴን ማንሳት ይበቃ ነበር። ቆይቼ አነሳሁ።

ከላይ፣ ማን እንደሠራው አላውቅም፣ መጀመሪያ ያየሁት ሰኞ ነው ያልኩት ሐሰት ነው። እንዲሰረዝ አልጠይቅም። ይህ ይጨመር። የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ፣ ከሞተ ሬዲዮ ባወጣኋቸው ዕቃዎችና በባለቤቴ በለጢፋ የእሾህ ማውጫ ወረንጦ።

ጥቅምት 28 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ገመቹ የተጠገነ ሬዲዮውን ሊወስድ መጥቶ ስሠራ ቆሞ አየ። ከኪሱ ከነገለባው የሚደርቅ የጀንፈል ቡና ፍሬ አወጣ። «እስቲ ይቺን ያስነክሷት» አለኝ። በራ። ሌላ፣ በደንብ የደረቀች አወጣ። አልበራም። ሳቀ። «ገዢው ቡናዬን በጥርሱ እየነከሰ እርጥብ ነው ይለኛል። የሱን ጥርስ ማን መረመረው? ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ቲጃኒ፣ ለአንድ ገበያ ያውሱኝ።» አዋስኩት። ገዢው ካላመነህ ጣቱን አስነክሰው አልኩት። ቀልዴን ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ንግስት ናት። የገመቹ ቡና አልበራም። ገዢው አላመነም። ገመቹ ወረንጦውን ለገዢው አስያዘው። በገዢው ጣት ላይ በራ። ገበያው ሳቀ። ገዢው፣ ይህ የወንበዴ መነጋገሪያ ነው ብሎ ጥበቃ ጠራ።

ንግስት ትናንት ከቀኑ 6 ሰዓት ሱቄ በር ላይ ቆማ ነበር። አልገባችም። «ገመቹ ስምዎን አልጠራም» አለችኝ። «እስከ መቼ እንደማይጠራ ግን እኔ አላውቅም።» ልመና ይሁን ማስፈራሪያ አልለየሁም። ሌሊቱን ሁለቱንም ሆኖ ሰማሁት። የመጣሁት ለእሱ ይሁን ለራሴ አልተጠየቅሁም።

ዕቃው የእኔ ነው። ገመቹ የቡናውን መድረቅ ሊያሳምንበት ተዋሰ እንጂ ከማንም ጋር አልተነጋገረበትም።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ መርማሪው ከላይ «የምስክር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው «የተጠርጣሪ» ብለው ጻፉ፤ ከጎኑ እንድፈርም አዘዙኝ። ገመቹ መቼ እንደሚለቀቅ ጠየቅሁ። «መጀመሪያ ፈርም» አሉኝ። ፈርሜያለሁ።

ሐሰት ነው ብዬ ራሴ ካመለከትኩት በቀር እዚህ የሰፈረው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ቲጃኒ አባዋጂ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሃ/አለቃ ነጋሳ ቶሌራ
ኤግዚቢት፦ አንድ ወረንጦ፣ ባትሪው የወጣ
ባለቤት፦ ቃል ሰጪው