የጥሩአየር አወዳደቅ

አዲስ አበባ፣ ያላለቀ ፎቅ አምስተኛ ወለል፤ በፊልም ውስጥ በዋናዋ ተዋናይት ምትክ የምትወድቀው ጥሩአየር የተዋናይቷን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ጠርዙ ላይ ቆማለች፣ ዳይሬክተሩ አጥናፉ ከኋላዋ ነው፣ ታች ካርቶንና ፍራሽ ተከምሯል።

ጥሩአየር፦ አልዘልም አልኩህ እኮ! በአማርኛ ነው የነገርኩህ።

አጥናፉ፦ ጥሩዬ፣ በእመብርሃን! ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ባለ ሕንፃው የፈቀደልን ደግሞ ለዛሬ ብቻ ነው። ዘለሽ ውረጂና ታች እንጨቃጨቅ።

ጥሩአየር፦ ከፎቅ የምትወድቀዋን ልጅ እናት ሆኜ እንደምተውን ቃል ገብተህልኝ፣ ለሌላ ሰጥተህ? «ይቺን ብቻ ውደቂልኝ፣ በሚቀጥለው ትናገሪያለሽ» እያልክ አሸበትከኝ!

አጥናፉ፦ ማን ነገረሽ?

ጥሩአየር፦ የልብስ ኃላፊዋ። የእናትየዋን ቀሚስ ልለካ ብገባ «ያንቺ አይደለም፣ አውልቂ» አለችኝ። ያውም ሰው ፊት!

አጥናፉ፦ እኔ መች ጠላሁ? ፕሮዲዩሰሩ ነው። ፊትሽ ላይ ያለው… ጠባሳው በቅርብ ሲቀረጽ ይከብዳል አለ።

ጥሩአየር፦ ጉድ በል! ጠባሳውን ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁ መሰለህ? በመጀመሪያው ፊልምህ «መስታወቱ የውሸት ነው፣ ሰብረሽው ግቢ» ያልከኝ ማን ነው?

አጥናፉ፦ የውሸት መስሎኝ ነዋ።

ጥሩአየር፦ ደሙ ግን የእውነት ነበር። አንተማ «ግሩም ነው፣ እንዳትጠርጊው» አልክ!

አጥናፉ፦ ምን ላድርግሽ እንግዲህ? ሴት ከፎቅ ትዘላለች ሲባል ሰው በሚስቅበት ዘመን ጀመርሽው። ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል።

ጥሩአየር፦ እኔን የበላኝ ከጀርባዬ ነው። ጀርባዬ እንጂ ፊቴ መች ታይቶ ያውቃል? እናቴ ሲኒማ ቤት ገብታ በማጅራቴ ለይታኝ «ልጄን!» ብላ ብትጮህ፣ አዳራሹ በሙሉ ሳቀባት። አንገቷን ደፍታ ነው የወጣችው።

አጥናፉ፦ ኧረ ተይው። ስምሽ ራሱ ጥሩ አየር ነው፣ አየር ላይ ነው የሚያምርብሽ።

ጥሩአየር፦ አትቀልድብኝ! ወገቤ አልቋል፣ አጥናፉ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከወደቅሽ ቆመሽ አትሄጂም» ብሎኛል።

አጥናፉ፦ ምን? መቼ?

ጥሩአየር፦ ፊልሙን ሳንጀምር።

አጥናፉ፦ እና ዝም አልሽኝ? አብደሻል እንዴ?

ጥሩአየር፦ ብነግርህ ትጠራኝ ነበር? የማትወድቅ ጥሩአየር ለማን ትበጃለች? መጀመሪያ እናትየዋን ሆኜ ልናገር፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ብዬ ነው። ሰው «አሟሟቴን አሳምረው» ይላል፣ እኔ ደግሞ አወዳደቄን አሳምረው እያልኩ ኖርኩ። ጨነቀኝ እኮ!

አጥናፉ፦ እኔስ? ቤቴን አስይዤ የገባሁበት ነው። ባንቺ ፈንታ አሻንጉሊት ብወረውር ሰው ይስቅብኛል። ሐኪም ደግሞ ማስፈራራት ልማዱ ነው። የዛሬን ብቻ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ!

ጥሩአየር፦ አንተ ደግሞ መውደቅ የት ታውቅና! እስኪ ያቺ የተመረጠችው እናት ንግግሯን እንዴት አለችው?

አጥናፉ፦ ያው… እንደ ዜና አነበበችው።

ጥሩአየር፦ «አውርዱልኝ! ልጄን አውርዱልኝ! እሷ ምን አጠፋች? እኔን ስቀሉኝ፣ እሷን አውርዱልኝ!»





አጥናፉ፦ አስለቀስሽኝ፣ አንቺ ሴትዮ። በቃ፣ እናትየዋ አንቺ ነሽ። ከነጠባሳሽ! ፕሮዲዩሰሩን እኔ እወጣዋለሁ።

ጥሩአየር፦ ማርያምን በል።

አጥናፉ፦ ማርያምን! አሁን ዝለይልኝ፣ ፀሐይዋ ሄደች!

ጥሩአየር፦ ቆይ። ልጅቷ ስትወድቅ እናትየዋ የት ነው የምትቆመው?

አጥናፉ፦ ታች ነዋ፣ በሩ ጋ።

ጥሩአየር፦ ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?

አጥናፉ፦ ጥሩዬ! ቀሚሱንስ ማን ይልበሰው?

ጥሩአየር፦ አሻንጉሊትህን አልብሰው። ይልቅ ደረጃው በየት በኩል ነው? ባንተ ፊልም በእግሬ ወርጄ አላውቅም።